የኦቫሪ ካንሰር የተገኘባት ወጣት ማህፀኗ የግድ ይወጣል?



በውስጥ መስመር ደጋግመው ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል፦ «ዶክተር፣ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ሆዷ ውስጥ ትልቅ እጢ ተገኘ፣ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ተባልን። ማህፀኗም፣ ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቿም ይወጣሉ ብለውናል። ገና ልጅ ናት፤ አላገባች፣ አልወለደች። ሌላ አማራጭ የለም?»

አጭሩ መልስ፦ በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አማራጭ አለ። ረጅሙን መልስ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ጥያቄው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሲመጣ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሲመጣ ግን የወጣውን ማንም አይመልሰውም።

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። እኛ አገር ከእምብርት በታች ያለ የሴት ካንሰር ሁሉ «የማህፀን ካንሰር» ይባላል። የማህፀን በር ካንሰር፣ የማህፀን ካንሰርና የኦቫሪ ካንሰር ግን ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ምክንያታቸውም ህክምናቸውም ይለያያል። ኦቫሪ (እንቁልጢ የሚሉትም አሉ) በማህፀን ግራና ቀኝ ያለ፣ እያንዳንዱ የተምር ፍሬ የሚያክል አካል ነው። እንቁላል የሚያመርተው፣ የሴት ሆርሞን የሚያመነጨው እሱ ነው። ማህፀን ደግሞ ጽንሱ የሚያድግበት ቤት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

የእናትና የልጅ ካንሰር አንድ አይደለም

ስለ ኦቫሪ ካንሰር የምንሰማው አስፈሪ ነገር አብዛኛው ዕድሜያቸው ገፋ ባሉ ሴቶች ላይ ስለሚከሰተው ዓይነት ነው። እሱ ከኦቫሪው ሽፋንና ከማህፀን ቱቦ ጫፍ አካባቢ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሆድ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለእነዚህ እናቶች ማህፀኑን፣ ሁለቱንም ኦቫሪና የአንጀቱን ሞራ ማውጣት ትክክለኛ ህክምና ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ኦፕራሲዮን ለ19 ዓመት ልጅ እንዳለ ስንገለብጠው ነው።

ከ20 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚገኘው የኦቫሪ ካንሰር በአብዛኛው «ጀርም ሴል» ከሚባለው ወገን ነው። የሚነሳው እንቁላል ከሚሆኑት ሴሎች ራሳቸው ነው። ዲስጀርሚኖማ፣ ዮክ ሳክ ቲዩመር፣ ኢማቹር ቴራቶማ የሚባሉ ስሞች ወረቀታችሁ ላይ ካያችሁ እያወራን ያለነው ስለዚህ ነው። ጠባዩ ለየት ያለ ነው። በጣም በፍጥነት ያድጋል፤ በሳምንታት ውስጥ ሆድ ሊገፋ ይችላል። በሌላ በኩል ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚገኘው። ከመካከላቸው ሁለቱንም ወገን የመያዝ ልማድ ያለው ዲስጀርሚኖማ ነው፣ እሱም ቢሆን ከ100 ታካሚ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ነገር፣ በኬሞ ይቀልጣል። ቃሉን የመረጥኩት አስቤበት ነው።

በነገራችን ላይ የቴራቶማ ዘመድ የሆነ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ አለ፣ ዴርሞይድ ይባላል። ሲከፈት ፀጉር፣ ቅባት፣ አንዳንዴም ጥርስ ይወጣዋል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «መተት ነው፣ የሆነ ሰው አድርጎባት ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መተት አይደለም። እነዚህ ሴሎች ሙሉ ሰው መሥራት የሚችሉ ሴሎች ስለሆኑ ያለ ቦታቸው ፀጉርና ጥርስ ለመሥራት ሞክረው ነው። ለዚህ እጢ ደግሞ ማህፀን ይቅርና ኦቫሪው ራሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ እጢው ብቻ ተፈልቅቆ ይወጣል።

ከጀርም ሴል ሌላ በወጣት ሴቶች የምናየው «ቦርደርላይን» የሚባለው ነው። ከደህናው እጢና ከካንሰሩ መሀል የቆመ ማለት ነው። ይህም ማህፀንና ቢያንስ አንድ ኦቫሪ ተርፎ ሊታከም ይችላል። የእጢው ከረጢት ብቻ ተነቅሎ ኦቫሪው ሲተው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ክትትሉ ጠበቅ ይላል። ዋናው የትልልቆቹ ዓይነት ካንሰር እንኳ በወጣት ሴት ላይ በአንድ ኦቫሪ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ከተገኘና በፓቶሎጂ ሲታይ ጠባዩ ለዘብ ያለ ከሆነ ሌላኛውን ኦቫሪና ማህፀኑን መተው ይቻላል።

ስትሪፑ ሁለት መስመር ሲያሳይ

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አንዳንድ የጀርም ሴል እጢዎች ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ከፋርማሲ የምትገዙት የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ የሚፈልገው ይህንኑ ሆርሞን ነው።

እስቲ አስቡት። የ16 ዓመት ልጅ ሆዷ መግፋት ጀመረ፣ የወር አበባዋ ተዛባ፣ ምግብ አስጠላት። እናት ደንግጣ ስትሪፕ ገዛች፣ ሁለት መስመር አሳየ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። «ከማን ነው?» ይባላል። ልጅቷ ብትምል ብትገዘት የሚያምናት የለም። ትምህርት ቤት ትቀራለች፣ አንዳንዷ ወደ ዘመድ አገር ትላካለች። በእነዚያ ሳምንታት ግን እጢው ዝም ብሎ አይጠብቅም።

እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ሁለት መስመር እውነተኛ እርግዝና ነው። ግን አንድ አልትራሳውንድ ነገሩን ይለያል፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ምርመራው እርግዝና እያለ ማህፀን ውስጥ ጽንስ ከሌለ፣ ቱቦውም ኦቫሪውም በደንብ መታየት አለበት። ወላጆች፣ ከቁጣ በፊት አልትራሳውንድ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር ልጨምር። ልጅቷ ዕድሜዋ ደርሶ የወር አበባ ጭራሽ አይታ የማታውቅ ከሆነና እጢ ከተገኘባት፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የክሮሞዞም ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። በተፈጥሮ ኦቫሪያቸው በትክክል ሳይሠራ የቀረ ልጆች አሉ፣ እጢውም እዚያው ላይ ይነሳል። ለእነሱ ሁለቱም ወገን ይወጣል፣ ማህፀናቸው ግን ሊተርፍ ይችላል። ቅድም ማህፀንና ኦቫሪ የተለያዩ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነበር። ኦቫሪ የሌላት ሴት ማህፀን ካላት፣ ቀደም ብሎ በተቀመጠ ወይም ሌላ ሴት በለገሰችው እንቁላል መውለድ በህክምና ይቻላል።

የደም ምርመራው ምን ይነግረናል?

ለወጣት ሴት ኦቫሪ ላይ የሚያጠራጥር እጢ ሲገኝ ከኦፕራሲዮን በፊት ሊታዘዙ የሚገባቸው የደም ምርመራዎች አሉ፦ ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ፣ ኤልዲኤች እና ሲኤ 125። ኤኤፍፒ በጣም ከፍ ካለ ወደ ዮክ ሳክ ያመለክታል፣ ኤልዲኤች ወደ ዲስጀርሚኖማ። ለሐኪሙ ዋጋቸው ትልቅ ነው። ቢላዋው ከመነሳቱ በፊት «ይሄ የጀርም ሴል ሳይሆን አይቀርም፣ ስለዚህ ማህፀኑን አልነካም» ብሎ ለመወሰን ያግዙታል። በኋላ ደግሞ ህክምናው መሥራቱን የምንለካው በእነሱ ነው።

ብዙ ሰው ሲኤ 125ን ብቻ ይዞ ይመጣል። «ዶክተር፣ 400 ሆነ፣ አለቀልኝ አይደል?» ይላሉ። ሲኤ 125 የካንሰር ማረጋገጫ አይደለም። በኢንዶሜትሪዮሲስ፣ በወር አበባ ጊዜ፣ በማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽንም ከፍ ይላል። በተለይ እንደኛ ባለ አገር መረሳት የሌለበት የሆድ ቲቢ ነው። ወጣት ሴት ሆዷ ውሃ ይቋጥራል፣ ትከሳለች፣ ማታ ማታ ያልባታል፣ አልትራሳውንዱ እጢ መሳይ ነገር ያያል፣ ሲኤ 125 ከፍ ይላል። ለዓይን ቁርጥ የተሰራጨ የኦቫሪ ካንሰር ነው። ናሙናው ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ይገኛል! የቲቢ መድኃኒት በአግባቡ ወስዳ የምትድንን ልጅ ማህፀን ማውጣት ምን ያህል ከባድ ጉዳት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ኦፕራሲዮኑ እንዴት ነው?

የወጣቷን ማህፀን የሚያተርፈው ኦፕራሲዮን «ትንሽ» ኦፕራሲዮን አይደለም። ሐኪሙ እጢ ያለበትን ኦቫሪ ከነቱቦው ሳይፈነዳ እንዳለ ያወጣል። አለመፈንዳቱ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ የካንሰሩ ደረጃ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የሚያጠራጥር እጢን በመርፌ እንምጠጠው የሚባለውን የማልደግፈው። ለዚሁ ሲባል የሆድ ቁስሉ ከላይ ወደ ታች ረዘም ሊል ይችላል። «በትንሽ ቀዳዳ ለምን አይሆንም?» ለምትሉ፣ ጠባሳው ቢያስጠላም እጢው ሳይቀደድ መውጣቱ ይበልጣል።

ከዚያ ሆዱ በጨው ውሃ ታጥቦ ውሃው ለምርመራ ይወሰዳል፣ ከሞራው ናሙና ይቆረጣል፣ ጉበት ሥር፣ አንጀት ዙሪያ፣ ያበጡ ንፍፊቶች ይታያሉ። ሌላኛው ኦቫሪ በዓይንና በእጅ ይመረመራል። ጤነኛ ከመሰለ አይነካም፤ «ለማንኛውም» ተብሎ መቁረጥ ራሱ ጠባሳ ፈጥሮ ኦቫሪውን ይጎዳል።

ሐኪሞች ለምን አንዳንዴ ሁሉንም ያወጣሉ? ፍርሃታቸው ይገባኛል። እጢው ተጠምዝዞ ልጅቷ በሌሊት በድንገተኛ ትገባለች፣ ኦፕራሲዮን ላይ እያለች ወዲያው የሚያነብ ፓቶሎጂስት የለም፣ ቤተሰቡ ከሩቅ ገጠር ነው፣ ለክትትል ይመለሳሉ ወይ የሚል ስጋት አለ። ግን መመሪያው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ጥርጣሬ ካለ ትንሹን አውጣ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን ጠብቅ፣ ካስፈለገ ተመልሰህ ትገባለህ። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ያደክማል፣ ገንዘብም ይበላል። የ19 ዓመት ልጅ ማህፀን ወጥቶ ውጤቱ «ደህና እጢ ነበር» ሲል ግን የምናደርገው ነገር የለም።

ኬሞ ይወስደኛል ወይስ ያድነኛል?

አንዳንድ በጣም ቀደም ብለው የተገኙ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ በአንድ ኦቫሪ ብቻ የተወሰነ ዲስጀርሚኖማ፣ በትክክል መወሰኑ ከተረጋገጠ ያለ ኬሞ በክትትል ብቻ ይታያሉ። ሌሎቹ ኬሞ ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድና ሲስፕላቲን በአንድ ላይ ነው፣ በየ21 ቀኑ፣ 3 ወይም 4 ዙር።

ሲስፕላቲን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ ዘመን በፊት ዮክ ሳክ የተባለው እጢ የያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞቱ ነበር፣ ሁሉ ነገራቸው ወጥቶም ጭምር። ዛሬ በአንድ ኦቫሪ ተወስኖ የተገኘ የጀርም ሴል ካንሰር በትክክል ከታከመ ከ100 ታካሚ ከ95 በላይ ይድናሉ። የተሰራጨ ቢሆን እንኳ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ስለዚህ ነው በተሰራጨም ጊዜ ጤነኛውን ኦቫሪና ማህፀኑን መተው የሚቻለው። ብስክሌተኛውን ላንስ አርምስትሮንግን ታስታውሱታላችሁ? በኋላ በዶፒንግ ሰባቱን የቱር ደ ፍራንስ ድሎች ተነጠቀ እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሳንባውና ጭንቅላቱ ድረስ ከተሰራጨ የዘር ፍሬ ካንሰር የዳነው በዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ነው። የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰርና የልጃገረዶች የጀርም ሴል ካንሰር የአንድ ዘር በሽታዎች ናቸው።

«ኬሞው ራሱ መካን አያደርግም ወይ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦቫሪን ክፉኛ የሚጎዱ የኬሞ ዓይነቶች አሉ፣ ይህኛው ግን ከነዚያ ሲነጻጸር ለኦቫሪ ለዘብ ያለ ነው። በህክምናው ወቅት የወር አበባ ሊቆም ይችላል። አብዛኞቹ ወጣቶች ላይ ካበቃ በኋላ ይመለሳል፣ ብዙዎች ወልደዋል። አንድ ኦቫሪ ብቻዋን በየወሩ እንቁላል ታወጣለች፣ «ግማሽ ሴት ሆንኩ» የሚባል ነገር የለም። ሌላ ጉዳት ግን አለው፦ ብሊዮማይሲን ሳንባን፣ ሲስፕላቲን ኩላሊትና ጆሮን ሊነካ ይችላል። ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ጆሮ ላይ ጭውታ ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተናገሩ።

እንቁላል አውጥቶ ማስቀመጥም አለ። በእኛ አገር የጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ህክምና ማዕከል ስላለ ከካንሰር ሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ ምን እንደሚቻል ጠይቁ። ግን ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ ፈጣን እጢ ደግሞ ሁለት ሳምንት ላይሰጥ ይችላል። ምርጫ ከመጣ ህይወቷ ይቀድማል።

ማትረፍ የማይቻልበት ጊዜ

ሁልጊዜ ይቻላል ብላችሁ እንዳትሄዱብኝ። የትልልቆቹ ዓይነት ካንሰር ሆኖ ሆድ ውስጥ ከተሰራጨ፣ ሁለቱም ኦቫሪ በካንሰር ከተበላ፣ ወይም ፓቶሎጂው በጣም ክፉ ዓይነት ነው ካለ፣ ማህፀኑን ለማትረፍ ሲባል ልጅቷን ማጣት ይመጣል። ኢንዶሜትሪዮይድ የሚባል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የማህፀኑ ውስጥ ግድግዳ ናሙና መወሰድ አለበት፣ አንዳንዴ ካንሰሩ እዚያም ስለሚገኝ።

ከዚህ የባሰ የሚያሳዝነኝ ሌላኛው ጫፍ ነው። «ማህፀንሽ ይወጣል» የሚለውን ቃል ሰምታ ከሆስፒታል የጠፋች፣ ከወራት በኋላ መተንፈስ እያቃታት የምትመለስ ልጅ። ጸበሉንም ጸሎቱንም ማንም አይከለክላችሁም፣ ጎን ለጎን ይሁን። ይህ እጢ ግን ቀጠሮ አያከብርም።

ለልጅቷ ይነገራት?

ቤተሰብ ከበር ውጭ ይይዘኛል። «ዶክተር፣ እባክዎ ለእሷ አይንገሯት፣ ትሰበራለች» ይላል አባት። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፣ አላንቋሽሸውም። ግን የምንወስነው ስለ እሷ ማህፀን ነው። 18 ዓመት የሞላት ልጅ ፈርማ የምትወስነው ራሷ ናት። ከዚያ በታች የሆነችም በሚገባት ቋንቋ መስማት አለባት። እኔ አባትየውን «ጋሼ፣ ዛሬ ካልነገርናት በሌላ ቀን ከፋይሏ ላይ ታነበዋለች፤ ያኔ ካንሰሩን ሳይሆን እናንተን ነው የምትጠይቀው» እላቸዋለሁ። እጮኛ ወይም ባል ካለ፣ ይወቅ አይወቅ የምትለው እሷ ናት።

ከመፈረሟ በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ አይቆጣም፣ ቢቆጣም ጠይቁ። የደም ጠቋሚዎቹ ተሠርተዋል? የትኛው ዓይነት ነው ብለው ይጠረጥራሉ? ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ምን ያወጣሉ፣ ምን ይተዋሉ? ሌላው ኦቫሪ ጤነኛ ከሆነ ሳይነካ ይቀራል? የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ጋር ሪፈር ሊጻፍልን ይችላል? እንደ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች በዚህ ብቻ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉ። የተስማማችሁበት ነገር ፊርማው ወረቀት ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

አንድ ተራ የሚመስል ነገር። የወጣው እጢ ናሙና በብልቃጥ ተደርጎ «ወደ ፓቶሎጂ ውሰዱ» ተብሎ ለቤተሰብ ሊሰጥ ይችላል። ያ ብልቃጥ የልጃችሁ ዕጣ ነው። ፎርማሊን የሚባለው ፈሳሽ ውስጥ መሆኑን፣ ስሟ መጻፉን አረጋግጡ። ውሃ አትጨምሩበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩት፣ ያንኑ ቀን አድርሱት። ውጤቱ ሲመጣም ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ሌላ ፓቶሎጂስት ድጋሚ እንዲያየው ይጠቅማል። የጀርም ሴል ካንሰር ብዙ ጊዜ የማይታይ በሽታ ስለሆነ ሁለተኛ ዓይን ማስነበብ ነውር አይደለም።

ከዳነች በኋላ መቼ ትውለድ?

ይህ በሽታ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ክትትሉ ተቀራራቢ ነው፤ የደም ጠቋሚዎቹ በየጥቂት ሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየጥቂት ወራቱ ይሠራሉ። እርግዝና ራሱ ኤችሲጂንም ኤኤፍፒንም ከፍ ስለሚያደርግ «ካንሰሩ ተመለሰ ወይስ አረገዘች?» የሚል ግራ መጋባት ይፈጥራል። ስለዚህ ኬሞ ላይ እያለች እርግዝና በፍጹም አይፈቀድም፣ ካበቃም በኋላ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ብዙዎቻችን ደግሞ 2 ዓመት ቆዪ እንላለን። «ኬሞ ወስጃለሁና አላረግዝም» ብለው መከላከያ ሳይጠቀሙ የሚያረግዙ አሉና የወሊድ መቆጣጠሪያውን ከሐኪም ጋር ምረጡ።

በኬሞ ጊዜ የወር አበባዋ ቆሞ ካበቃም በኋላ ለስድስት ወር ያልተመለሰላት ካለች ሳትሳቀቅ ሆርሞኗን ትመርመር። የታመመ ሰው ይዛችሁ የምትጠይቁኝ፣ ከጥያቄው ጋር ዕድሜዋን፣ የአልትራሳውንዱን ውጤትና ፓቶሎጂው ካለ በፎቶ ላኩልኝ፤ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ግን ሸፍኑት። በሚቀጥለው ጽሑፍ ስለ ዴርሞይድና ስለ ተራ የኦቫሪ ሲስት እመለሳለሁ፤ የትኛው በክትትል ብቻ እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደማያስቆይ።